ኤሊዋ የበራች ቀን

ሙሽራ አትናገርም። ይህን የነገረችኝ የባሌ አክስት ናት። ሐይቅ ከተማ፣ አባቴ ቤት ደጃፍ ላይ፣ መኪናው ውስጥ አስገብታኝ ሻርፑን እስከ አገጬ እየጎተተች በጆሮዬ ነገረችኝ። «አረብ አገር እንዳሻሽ ስትለፈልፊ ኖረሽ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሙሽራ ባሏ ቤት ገብታ እስክትቀመጥ ድምጿ አይሰማም፤ እግሯም መሬት አይነካም። ተናገረች ከተባለ አበቃላት!» እሺ አልኳት፣ በአንገቴ።

እንዳሻኝ ስለፈልፍ! ወላሂ ሳቄ መጥቶ ነበር። እኔ አረብ አገር ያን ሁሉ ዓመት የኖርኩት «ሃዲር» በምትል አንዲት ቃል ነው። እሺ እመቤቴ ማለት ናት። ጠዋት ሃዲር፣ ማታ ሃዲር፣ በጥፊ ስመታም ሃዲር። ዝም ማለት የሚያስተምረኝ ሰው አልፈልግም ነበር።

ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሲጨፍር እኔ የአሠሪዬን፣ የመዳምን ምንጣፍ ስጠርግ ነበርኩ። ጭፈራውን በስልክ አየሁት። ስመለስ ጭፈራው አልቆ ተኩሱ ተጀምሯል። ጦርነቱ አንዴ ከሰሜን መጥቶ በላያችን አለፈ፤ አለፈ ስንል ደግሞ ከገዛ ተራራችን ተነሣ። መንገዱ ሲከፈት ለጥቂት ቀን ነው፣ ሲዘጋ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ተደብቆ የሚሸጥ ነገር ሆነ፤ በኋላ እሱም ጠፋ። የጋብቻው ኒካ ከታሰረ በኋላ እንኳ እኔን ወደ ባሌ አገር፣ ከውጫሌ በላይ ወዳለው ወደ አምባሰል ተራራ የሚያደርሰኝ መኪና ጠፍቶ አባቴ ቤት ከረምኩ።

እንደ እኔ ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት ሰፈራችን ውስጥ የሚጠብቃት ስም ሁለት ነው። ካገባች «ሠርታ የመጣች ጎበዝ» ናት። ካላገባች «ምን ስትሠራ እንደኖረች አላህ ይወቅ» ናት። አግብታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችዋ ግን ስም እንኳ አይወጣላትም፤ ስታልፍ ዝም ይላሉ፣ ካለፈች በኋላ ያወራሉ። ስለዚህ ያን ቀን ልቤ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በደህና መግባት። ወርቅም፣ ዘፈንም፣ አጃቢም አላማረኝም። ገብቼ ልቀመጥ ብቻ።

ባሌን የማውቀው በስልክ ነበር። የመዳምን ልብስ እየተኮስኩ ድምፁን በአንድ ጆሮዬ እሰማ ነበር። «አንቺ ብቻ ነይ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው» ይለኛል። ስልክ ላይ ወንድ ሁሉ አንበሳ ነው! እኔም አመንኩ። ብቻዋን የምትተኩስ ሴት የማታምነው ነገር የለም።

ባጭሩ፣ ያዳነን የአክስቲቱ ባል ነው። ነጋዴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ቤንዚን ሲጠፋ ከየት እንደሆነ እንጃ አንድ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣ። ጉድ ተባለ። ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት! ጽሑፏ በሙሉ በቻይንኛ ነው። «አያ፣ ምን ይላል ይሄ?» ሲሉት «ሂድ ይላል» ይል ነበር። በዚያ አሮጌ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ መብራት በበራ ቁጥር ፕላስተር እየለጠፈ የሚነዳ ሰው ነው። መብራት ሁሉ ውሸታም ነው ብሎ ያምናል። «መብራትና ሚስት ሲጮሁ ዝም ማለት ነው» ይላል፤ ሚስቱ ግን እፊቱ ከሆነች አይለውም።

መኪናዋ ከዋዜማው ጀምሮ አባቴ ቤት ተሰክታ አደረች። መብራት እንደ ልማዱ እኩለ ሌሊት ላይ ሄደ፤ ግማሽ ያህል እንደያዘች ቀረች። «ይበቃታል» አለ ሰውዬው። እውነቱን ለመናገር ይበቃት ነበር፣ ከሙሽራ ሌላ ነገር ባይጫንባት።

የተጫነውን በመስኮት አይቻለሁ። ሴቶቹ እልል እያሉ ሲከቡኝ፣ አክስቲቱና ባሏ ከኋላ ስኳር ይጭኑ ነበር። ጆንያ በጆንያ ላይ። ከዚያ የእኔን ፍራሽና ብርድ ልብስ ከላይ አለበሱት። መንገድ ተዘግቶ አምባሰል ላይ ስኳር እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ጊዜ ነው፤ ኬላ ላይ ደግሞ ጭነት ሁሉ ይፈተሻል፣ ሙሽራ ግን አትፈተሽም። አክስቲቱ ሰርጌን በዚህ በኩል ነው የወደደችው። እኔ የስኳር መሸፈኛ ነበርኩ፤ ፍራሹም እኔም።

ኬላው ላይ የቆመው ወታደር አንገቱን አስግጎ አየኝ። «ሙሽራ ናት?» አለ። «አዎ፣ መብሩክ በላት እንጂ!» አለች አክስቲቱ። «መብሩክ» አለና አለፍን። ውጫሌን አለፍን። አስፋልቱ አልቆ የድንጋዩ አቀበት ተጀመረ። ሰውዬው እየነዳ ነው፣ አክስቲቱ ከጎኑ ናት፣ እኔና ባሌ ከኋላ። አክስቲቱ የለበሰችው ከፋይ ስለሞቃት ኤሲውን እስከ ጥግ ከፍታዋለች። ባሌ ሻርፑ ሥር እጄን ይዞኛል። የተከፈተው ዘፈን አምባሰል አምባሰል ይላል። አልዋሽም፣ ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በሻርፑ ስስ ጨርቅ ውስጥ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሐል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ብጫ መብራት አየሁ። ኤሊ።

የእነዚህን መኪኖች መብራት ያወቅሁት ማንም አስተምሮኝ አይደለም። መዳም እንዲህ ያለ መኪና ነበራት፤ እያንዳንዷ መብራት ስትበራ እኔ ላይ የሚደርሰውን አውቃለሁ። የሶኬት ምልክት ያላት ብጫዋ ስትበራ፣ ማታ መኪናውን ሳትሰኪው አደርሽ ተብዬ እሰደባለሁ። ትንሿ ቀይ ባትሪ የበራች ቀን፣ መኪናው ገበያ ደጃፍ ላይ ሞቶ በሩ እንኳ አልከፈት ብሎ፣ ሲከፈት የመጀመሪያውን ጥፊ የቀመስኩት እኔ ነኝ። ኤሊዋ ደግሞ መኪናው ሲግል፣ ሲደክመው ናት፤ ከዚህ በላይ አትግፉኝ፣ ቀስ ብዬ ልሂድ ማለቷ ነው። ኤሊዋ መጀመሪያ የበራች ቀን በዚያ ቃጠሎ መዳም ወደ ኋላ ዞራ ልጆቿን አየች፣ ዕቃዋን አየች፣ እኔን አየች። «አንቺ ውረጂ፣ ይቀለዋል» አለችኝ። ወረድኩ። በዚያ አስፋልት ላይ በነጠላ ጫማ ቤት ድረስ ሄድኩ። ዕቃው አልወረደም።

«ይቺ ምንድናት?» አለ ባሌ ኤሊዋን አይቶ።

«የፋብሪካው ምልክት ናት» አለ ሰውዬው፣ ምንም ሳያፍር። «አንዱ መኪና አንበሳ አለው፣ አንዱ ፈረስ አለው፣ የዚህ ደግሞ ኤሊ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን የት ነበረች?»

«ተኝታ!»

መኪናዋ እየዘገየች መጣች። ሰውዬው ነዳጅ እንዳለው ሰው ይረግጣል። «ርገጠው እንጂ!» ትላለች አክስቲቱ። ሲረግጠው ይባስ ትዘገያለች። እንጨት የጫነ አህያ ከኋላችን ደርሶ አለፈን። የአህያው ባለቤት፣ አንዲት ሴት፣ በመስኮት አጎንብሳ እኔን አየችና «መንገዱን ያቅናላችሁ» ብላን ሄደች። አክስቲቱ ይህን ጊዜ እሳት ለበሰች። ሰውዬው ኪሱን ዳብሶ ፕላስተር አወጣ፣ በጥርሱ ቆረጠ፣ ኤሊዋ ላይ ለጠፈባት። «በቃ፣ አሁን የለችም» አለ። ከዚያ ጥቂት ተንቀሳቀስንና ቆምን።

ፀሐይ ወደ ተራራው ጫፍ ተጠግታለች። ከመግሪብ በኋላ በዚያ መንገድ ላይ ጎማ ያለው ነገር አይንቀሳቀስም፤ የታየ ይመታል። የትኛው ወገን እንደሚመታ ማንም አይጠይቅም፣ የሞተውን መቅበር ብቻ ነው። ከሸለቆው ማዶ አንድ ጥይት ጮኸ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ። አቀበቱ ላይ፣ ነጭ መኪና ውስጥ፣ በነጭ ልብስ ተቀምጠናል። ያ ረቢ! ከሩቅ የሚታይ ነገር ፈልጋችሁ ከሆነ እኛ ነበርን።

«ኤሊ!» አለች አክስቲቱ። «ሙሽራ ይዞ ኤሊ! እግረ ደረቅ ናት ብያችሁ አልነበረም? አረብ አገር ያለ አባት ያለ ወንድም የኖረች ልጅ ምን ገድ ይኖራታል?» ይህን ሁሉ የምትለው እኔ በሌለሁበት አይደለም፤ ጉልበቴ ወንበሯን ይነካል። ባሌ እጄን እንደያዘ ነው፤ እኔም እሱን እንደ መልስ ቆጠርኩት። ሞኝ ነበርኩ።

ሰውዬው ወደ ኋላ ዞሮ አየን። «ከብዷት ይሆናል» አለ።

«እንግዲያው ሁለቱ ይውረዱ» አለች አክስቲቱ። «በእግራቸው ይምጡ። ወጣት ናቸው።»

«ሙሽራ መሬት ትረግጣለች?» አለ ሰውዬው።

«ታዲያ ስኳሩን ላወርደው ነው?»

እግሯ መሬት አይነካም ያለችኝ ይህችው ሴት ናት። ከዚያ በላይ ግን የቆረጠኝ ባሌ ነው፤ የመኪናውን በር መክፈቻ መዳበስ ጀመረ። አንዲት ቃል ሳይናገር፣ እሺ ብሎ፣ ሊወርድ፣ ሊያወርደኝ! ጥይት በሚጮህበት ተራራ ላይ፣ በሙሽራ ጫማ። የመዳም ፊት ድቅን አለብኝ። አንዴ ወርጃለሁ። ሁለተኛ አልወርድም።

«ስኳሩ ይውረድ» አልኩ።

በሙሽርነቴ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ሌሎች ሴቶች ምን እንዳሉ አላውቅም። ሻርፑን ከፊቴ ገለጥኩና ቀጠልኩ። «ኤሲውን አጥፉት። መኪናዋንም አጥፉና ትንሽ ትረፍ፤ ግላለች። ኤሊዋ ደከመኝ ማለቷ ነው እንጂ ሟርት አይደለችም። ስኳሩን አውርዳችሁ እንደገና አስነሷት፣ ኤሊዋ ትጠፋለች።»

ባሌ እጄን ለቀቀው። ልክ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው።

ሰውዬው ግን ፈሪ ነው፣ አላህ ይስጠው፤ ሦስተኛው ጥይት ሲጮህ መኪናዋን አጠፋ። እሱና ባሌ ወርደው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ከቁልቋሉ ጀርባ አጋደሟቸው። አክስቲቱ ከመኪናው ሳትወርድ፣ በመስታወት እያየች፣ ለእያንዳንዱ ጆንያ ሬሳ እንደሚወጣ ሁሉ «ወይኔ» ትላለች። ጥላው እስኪረዝም ጠበቅን። ሰውዬው አስነሣት። ከዚያ በጥፍሩ ፕላስተሩን ላጠው።

ኤሊዋ የለችም።

«ጠፋች» አለ። ደስ ብሎት አልነበረም የተናገረው። በስፖኪዮው እኔን ሲያየኝ ዓይኑ ላይ ፍርሃት አየሁ። አክስቲቱም አየችኝ። «አዘዘቻት» አለች በሹክሹክታ፣ «እሷም ታዘዘች። አዑዙ ቢላህ!» ከዚያ እስከ ደጁ ድረስ ቁርአን ስትቀራ ሄደች። መኪናዋ አቀበቱን ወጣች፣ መግሪብ ሳይደርስ ገባን፣ አራታችንም በሕይወት ገባን። ይህን ልብ የሚል ግን አልነበረም። ዘፈኑንም ማንም መልሶ አልከፈተው።

ቤቱ ደርሰን እኔ ሳልቀመጥ ወሬው ተቀምጦ ጠበቀኝ። መኪናው ቢሞት ኖሮ እግረ ደረቅ ነበርኩ፤ መኪናውን ስላስነሣሁ ደግሞ ጂን አለባት ተባልኩ። ሴቶቹ ሙሽራ አየን ብለው ይገባሉ፣ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ። አንዷ ልጇን ከኋላዋ ሸሸገች። የባሌ እናት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ምግብ አቀረበችልኝ፣ ሳህኑን ግን አስቀምጣ እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

አክስቲቱ ጎህ ሲቀድ ስኳሯን ልታመጣ ወረደች። ቁልቋሉ አለ፣ ስኳሩ የለም። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳ ያን ሁሉ አቀበት ባዶ እጇን ስትመለስ፣ የእኔ ነገር ያን ጊዜ አለቀ። ማን እንደወሰደው አልጠየቀችም። «ጂኖቿ በሉት» አለች። ሱብሃነላህ! ያን ሁሉ ስኳር የሚበላ ጂን ስኳር በሽታ አይዘውም?

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ አንድ ሸህም ተጠሩ። ሸሁ ራሴ ላይ ቁርአን ቀርተው «አንተ ውስጧ ያለኸው፣ ማን ነህ?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ከየት መጣህ?» «ከሐይቅ ነኝ፣ አባቴን ያውቁታል።» ስለ ባትሪው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጭነቱ ማስረዳት ጀመርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር እርስ በርስ ይተያያሉ። «ይኸው፣ ይለፈልፋል» አለች አክስቲቱ። ዝም ስል ደግሞ «ተደበቀ» አለች። ባሌን አየሁት። ያ ሁሉ ዓመት በጆሮዬ ውስጥ የኖረ ድምፅ! አንዴ «መኪናው ነው እንጂ እሷ ምን አደረገች» ቢል ይበቃ ነበር። መሬት መሬት እያየ «ለትንሽ ጊዜ አባትሽ ዘንድ ሁኚ» አለኝ። «ቁርአን ይቀራልሽ። ሲሻልሽ እመጣለሁ።»

ሲሻልሽ። እስካሁን ይቺ ቃል ስትነሣ ጥርሴን ያፋጨኛል።

የመለሰኝ ሰውዬው ነው፣ በዚያችው መኪና። ፍራሼም አብሮኝ ተመለሰ፤ አሁን ከሥሩ የሚሸፍነው ነገር የለውም። ቁልቋሉ ጋ ስንደርስ አቁሞ ወረደ፣ ጀርባውን ዞሮ ፈለገ፣ ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። ለእኔ እንዲህ ሲያዝን አላየሁትም። ከዚያ ቁልቁለቱን ጀመርነው። ትንሽ እንደወረድን ዳሽቦርዱን ትኩር ብሎ አየ። የባትሪው ምልክት ስንነሣ አንዲት ቀይ መስመር ብቻ ነበረችው፤ አሁን ሁለት ሆነች። ወርደን ወርደን ውጫሌ ስንቃረብ ሦስተኛዋ በራች።

«ማሻአላህ!» አለ። «እያት! ማንም ሳይሰካት ትሞላለች! አየሽ፣ አንቺን ስመልስ ገዴ ተመለሰ።»

«ቁልቁለቱ ነው አያ» አልኩት። «ቁልቁለት ስትወርድ ራሷን ትሞላለች። እኔ ባልኖርም ትሞላለች።»

«ዝም በይ እቴ!» አለ ከወንበሩ ላይ ዘሎ። ቢስሚላህ አለ ደጋግሞ። እኔን ለመጣል የሄዱበት መንገድ መኪናቸውን ይሞላል፤ ይህን የሚያህል ስድብ ሰድቦኝ የሚያውቅ ሰው የለም፣ መዳም እንኳ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ፍራሼን አወረደ። ጎረቤቶቹ ወጥተው ቆመዋል፣ ዝም ብለዋል፤ ያ የፈራሁት ዝምታ ይኸው ነው። አባቴ ምንም ሳይጠይቅ ፍራሹን ተሸክሞ ገባ። ሰውዬው መሪው ጋ ተቀመጠና ድንገት ጠራኝ። «እ... እስቲ ነይማ። ይቺ ቀይዋ ደግሞ ምንድናት?»

አጎንብሼ አየሁ። ትንሿ ቀይ ባትሪ። ትልቁ ባትሪ ቢሞላም ባይሞላም፣ ትንሹ ከሞተ መኪናው መነሣት ቀርቶ በሩም አይከፈትም። ሰው መንገድ ሳይጀምር ማየት ያለበት እሷን ነው።

«የፋብሪካው ምልክት ናት አያ» አልኩት። «አብሽር፣ አታስብ።»

ፕላስተሩን ከኪሱ አወጣና ለጠፈባት።

መኪናዋ ኬላውን አልፋ ብዙም ሳትሄድ ሞተች አሉ። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ፤ መካኒክ ከደሴ አይመጣ፣ መኪናው አይጎተት፣ እዚያው ክረምቱ ገባባት። ዶሮዎች ጣራዋ ላይ ያድራሉ ብለው የሚያልፉ ሰዎች ነገሩን። ሰውዬው ቤቱ የደረሰው በእግሩ ነው። አክስቲቱ «ረግማት ነው» ብላለች። ይህን ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አዎ፣ ክፉ ነኝ። ደግ ሆኜማ ያገኘሁትን አይታችኋል።

ባሌ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል፣ ከስቷል። ግቢው በር ላይ ቆመ። ሲያሳዝን! ልቤ አንዴ ወደ እሱ ሄደ፣ አልክድም። ያ የስልክ ድምፅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቢል፣ በደልኩሽ ቢል፣ ምናልባት ፍራሼን ራሴ ተሸክሜ እከተለው ነበር።

«ተሻለሽ ወይ?» አለኝ።

ሻርፔን እስከ አገጬ ሳብኩት። ቆሞ ጠበቀ፣ ስሜን ጠራ፣ «ተናገሪ እንጂ፣ እኔ ነኝ» አለ፣ እንደገና ጠራ። ከአባቴ ደጃፍ ሄዶ መንገዱ እስኪያጥፈው ድረስ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ሙሽራ አትናገርም።